ቦታ የቀየርኩ ቀን

ለትልቁ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? ስትበይድ መነጽርህን አድርግ፤ ልጅ ሳለህም ዓይንህ ጭስ አይችልም ነበር። ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? ብቻውን የሚኖር ወንድ ሲርበው እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ አይበላም፤ አንተም ከእነሱ የተለየህ አትመስለኝም። እኔ ጤና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ ሌላው ሰላም ነው። ስፌት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም ስለመጣብን ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስገጥም እውላለሁ። አክስትህም ደህና ናት። ጠዋት ትቆጣኛለች፣ ከሰዓት ትታረቀኛለች፣ ያው እንደምታውቃት ናት።

ስልክ ስደውልልህ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትለኝና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም ብዬ ነው መጻፌ። ብታጥፈውም፣ ኪስህ ብትከተውም ተመልሰህ ታነበዋለህ፤ አውቅሃለሁ። የእኔ እጅ የኖረው ከመርፌ ጋር ነው፣ ከእስክሪብቶ ጋር ብዙም አይተዋወቅም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያልኩ፣ አንዳንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዳንዴ ስፌት ቤቱ እስኪከፈት በር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አንዱ ገጽ ከሌላው ጋር ባይገጥምልህ አትፍረድብኝ።

ስለ ኳሱ ልነግርህ ነው። እባክህ እዚህ ላይ አታቁም።

ያ አብሮህ የሚሠራው ልጅ አንድ ቀን ስልክህን አንስቶልኝ ነበር። የእኛ ቡድን በሚጫወትበት ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሲሄድ አንተ ብቻህን እንደምትቀር፣ የሚቆረጥ ብረት ባይኖርም መቁረጫውን አስነስተህ እንደምታስጮኸው ነገረኝ። «ጋሼ ኳስ አይወድም መሰለኝ» አለኝ። እኔም «አዎ፣ አይወድም» አልኩት። ምን ልበለው?

እኔም እንደ አንተው ነበርኩ። ውድድሩ ሲጀመር መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሬዲዮኑን ነቀልኩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ግን መስኮት የሚያግደው ድምፅ አልነበረም። ከታች ያሉት ይጮሃሉ፣ ከላይ ያሉት ወለሉን ይደበድባሉ፣ የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ተጫዋች ይሰድባል። ቁጭ ስል ያስነሳኛል፣ ስነሳ የምሄድበት የለኝም። የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጠብኩ። በመጨረሻ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፣ ኳስ የማይሰማበት መንገድ ፍለጋ።

እንዲህ ያለ መንገድ የለም ልጄ። የጨዋታ አስተላላፊውን ድምፅ ሸሽቼ ስታጠፍ እሱው ራሱ ቀድሞኝ ከሚቀጥለው ሱቅ ይጠብቀኛል። ዳቦ ቤቱ ጋ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መድኃኒት ቤቱ ጋ ስደርስ ይጨርሰዋል። ስዞር፣ ስዞር ጉልበቴ እምቢ አለኝና ቀና ብል ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንድምህ ከሞተ ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም ነበር።

ቴሌቪዥኑን ከበሩ በላይ ሰቅለውታል፤ ስለዚህ እኔ በሩ ላይ ስቆም ያ ሁሉ ወንድ አፍጥጦ እኔን የሚያይ መሰለኝ። አግዳሚው ሞልቷል፣ ወለሉ ሞልቷል፣ የፀጉር መቁረጫ ወንበሮቹም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ሰው ተቀምጦባቸዋል። አንዱ ብቻ ወደ መስታወቱ እንደዞረ ባዶውን አለ። ሄጄ ዘፍ አልኩበት። ቤቱ ጸጥ አለ። ጨዋታው ስለከበዳቸው ነው ብዬ ነበር።

አንተ የማን ወንበር እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ እኔ አላወቅኩም። ኋላ ነው ፀጉር አስተካካዩ የነገረኝ። አንድ ጊዜ ወንድምህ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ግማሹ እንደነበረ ሆኖ፣ በመስታወት ሲያይ ቡድኑ አገባ። ከዚያ ወዲያ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ በመስታወት ካልሆነ አያይም ነበር አሉ። እሱ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያንን ወንበር ማንም ደፍሮ አልነካውም። ደንበኛ እንኳ ሲመጣ ሌላውን ይጠብቅ ነበር።

በመስታወት ኳስ ማየት እንዴት ያለ ጣጣ ነው። ግራው ቀኝ ነው፣ የማሊያው ቁጥር ተገልብጧል፣ የእኛዎቹ ወዴት እንደሚሮጡ አይገባኝም። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ የተቆጠረብን መስሎኝ «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ጣሪያ እየነካ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አየር ላይ እያሽከረከረ «እትዬ፣ እኛ ነን ያገባነው፤ ያጽናኑ ከሆነ እነሱን ያጽናኑ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ ደንግጬ አፌን ያዝኩ። አሸነፍን።

ለሁለተኛው ጨዋታ ዋዜማ በሬ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩና የደጋፊዎቹ ከበሮ መቺ ናቸው። ከበሮ መቺውን አልረሳኸውም፣ ነጎድጓድ የምትሉት፤ የሚያንጎደጉደው ከበሮው ነው እንጂ እሱ ሲናገር ጆሮ ማስጠጋት የሚያስፈልገው ልጅ። በር ላይ ቆመው ጤናዬን ጠየቁ፣ ጉልበቴን ጠየቁ፣ የቧንቧውን ውኃ ሳይቀር ጠየቁ። ግቡ አልኳቸው፣ አልገቡም። በመጨረሻ ነጎድጓድ ጫማውን እያየ «እማማ፣ ነገ ሥራ ይበዛብዎታል?» አለኝ። ለምን ስለው ጓደኛውን በክርኑ ነካው። ፀጉር አስተካካዩ ነው የተናገረው፦ ባለፈው እዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ አሸንፈናል፤ አሁን ካልመጣሁና ከተሸነፍን ሕዝቡ እሱን ነው የሚበላው። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለ። «ግን ይምጡ።»

ሄድኩ። አቻ ወጣን፤ እሱም ይበቃ ነበር አሉኝ። ቀጥሎ አሸነፍን። ከዚያም እንደገና። አክስትህ ሰማችና ቤት ድረስ መጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጥቁርሽን ሳታወልቂ ወንዶች መሃል ተሰልፈሽ ኳስ ታያለሽ አሉ፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሰውማ ቀድሞ መጥቶ ለምኖኛል አልኳት። «ታዲያ እኔን ለምን አልጠራሽኝም?» ብላ ተቆጣች። በሚቀጥለው መጣች፣ ዳኛውን ስትሰድብ ዋለች፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ሄደች። እኛ ቤት ጸጥታ የሰፈነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአንተ የምደብቀው የለም። በጨዋታና በጨዋታ መሃል ያሉት ቀናት ይከብዱኝ ጀመር። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ይለኛል፣ የሠራሁትን እተረትራለሁ፣ ማሽኑን አቁሜ ሰዓት አያለሁ። ልጆቹ እያንዳንዱ ተጫዋች የት እንደተጎዳ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አሁን ግራ ተከላካዩን ቁርጭምጭሚቱን እንደሚያመው አውቃለሁ። ስለ እሱ እንቅልፍ አጣሁ ብልህ ትስቅብኛለህ። ግን ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። ከተሸነፍን ፀጉር ቤቱ ወደ ፀጉር ቤትነቱ ይመለሳል፣ እኔም ወደ ቤቴ። ያንን ቤት አንተ ታውቀዋለህ። አንተም ሸሽተኸዋል።

ሩብ ፍጻሜውን ያለፍን ቀን ነጎድጓድ ሊሸኘኝ አብሮኝ ወጣ። እሱ ወንድምህን ከወሰደው የአውቶቡስ አደጋ ወዲህ በቀኝ እግሩ ያነክሳል፣ እኔ በግራ ጉልበቴ። «ከኋላ የሚያየን በአንድ ከበሮ የምንሄድ ይመስለዋል» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ሳስብ ነው የኖርኩት። ለማንም አልተናገርኩትም። ወንድምህ እግሩ ረጅም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ መተላለፊያው በኩል ነው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው። ሕፃን ሆኖ እንኳ መስኮት ጋ ሳስቀምጠው ያለቅስ ነበር። አውቶቡሱ ቋጥኙን የመታው በመስኮቱ በኩል ነው ተባልኩ፣ እሱም መስኮቱ ጋ ነበር ተባልኩ። መስኮት ጋ ምን ሊሠራ ሄደ? ሬሳውን ሲያመጡልኝ፣ ሰው ሲያጽናናኝ፣ ሁሉ ሲበተን ይህንኑ ነው የማስበው።

ነጎድጓድ ነገረኝ። ለካ እናንተ ደጋፊዎቹ ደንብ አላችሁ። ባለፈው ጨዋታ ቡድኑ ከተሸነፈ በሚቀጥለው ጉዞ መንገድ ላይ አውቶቡሱን ታስቆማላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ሁሉም ቦታ ይቀያየራል፤ ዕድሉም አብሮ ይቀየራል ተብሎ። ያን ቀንም ነዳጅ ማደያው ጋ ወርዳችሁ ለስላሳ ጠጣችሁ። ዝናብ ነበር። እየሳቃችሁ ተገፋፍታችሁ ገባችሁ። ማን ከማን ጋር እንደተቀያየረ ነገረኝ። «ተነሱ፣ ቦታ!» ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነም ነገረኝ። የቀረውን አልጽፍልህም፤ አንተ ከእሱ የበለጠ ታውቀዋለህ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው አለኝ። ያን ቀን ቡድኑ አሸንፎ ለዚህ ውድድር አለፈ። እናንተ ገና ከብረቱ ውስጥ ስትወጡ እዚህ ሰው መንገድ ላይ ይጨፍር ነበር። እኔም ጭፈራውን ስሰማ ልጆቼ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ ብዬ ነበር። ነጎድጓድ «እማማ፣ ቦታ መቀየሩ ሠራ» አለኝ። «ሠራ፣ እና እሱን ወሰደው።» ከዚያ ወዲህ ከደጋፊዎቹ ማንም ቦታ ቀይሮ እንደማያውቅ፣ ቃሉንም እንደማያነሱት ነገረኝ። አንተ ከቀብሩ ማግስት ወደ ሥራህ የተመለስከው፣ ዓይኔን ማየት ያቃተህ፣ መቁረጫውን የምታስጮኸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አነሳሁት፣ እያነከስን ሄድን።

ከዚያ ቀን እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ የት እንዳለሁ አላውቅም። አንድ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት አይታ «ይህን የሚለብሰው ተማሪ ጀርባው ወዴት ነው?» አለችኝ።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን አመሻሹ ላይ ፀጉር ቤቱ ከመሙላት አልፎ ሰው ደጅ ቆሟል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ፊቴ ወደ መስታወቱ። ነጎድጓድ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ነው፤ በመስታወት አየዋለሁ። አንድ ለባዶ እየተመራን ዕረፍት ወጡ። አክስትህ እንኳ ዳኛውን መሳደብ ተወች። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ድሮ በእንዲህ ያለ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ነበር አሉ ማበጠሪያውን መስታወቱ ላይ መትቶ «ተነሱ!» የሚለው። አሁን ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተው። በር ላይ አንድ አዲስ ሰው «ቦታ አትቀያየሩም እንዴ? ሌላ ቦታ እኮ ይቀያየራሉ» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሳሉበት።

እኔ ተነሳሁ። ነጎድጓድ ፊት ሄጄ ቆምኩና «ተነስ» አልኩት። «እማማ፣ ይቅርብን» አለኝ፣ ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ። «ተነስ ብዬሃለሁ። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ።» ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ክንዴን ያዘ፤ «እትዬ፣ ብንሸነፍ ይሻለናል» አለኝ። «እንግዲያው እንሸነፋለን» አልኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ነጎድጓድ እያነከሰ ሄዶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቂጡን ሳያሳርፍ ተንጠለጠለ። ማንም ሌላ አልተንቀሳቀሰም። እኔና እሱ ብቻ ነን የቀየርን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ፊት ለፊት አየሁት። ያ ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ልጅ ግራ ተከላካይ መሆኑ በእውነትም በግራ በኩል ታየኝ። ጨዋታው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አገባን።

ልጄ፣ ያንን ጩኸት ሰማህ? ለነገሩ መቁረጫው አያሰማህም። እጄን ሳሙኝ፣ ራሴን ሳሙኝ፣ አንዱ እግሬ ላይ ወደቀ። አክስትህ «እህቴ ናት! እህቴ ናት!» እያለች ለማያውቃት ሁሉ ትናገራለች። እኔ ግን ውኃ የተደፋብኝ ያህል ቀዘቀዝኩ። ወንበር መቀየር ጎል ካስገባ፣ ሌላም ነገር ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል ብቻ አሰብኩ፤ ከዚያ በላይ ላስብ አልደፈርኩም። ዞር ስል በመስታወቱ ውስጥ ነጎድጓድ ያየኛል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልተነሳው እሱ ብቻ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። እሱም ያሰበው እኔ ያሰብኩትን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደተቀመጥኩት አላውቅም። ጣቶቼን አጣምሬ ያዝኩ። ሰው አጠገቤ «አንዲት ጎል፣ አንዲት ብቻ» እያለ ይለምናል። እኔም የምለምን መስዬ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። የለመንኩት ግን እነሱ የለመኑትን አልነበረም። ይህን ለአክስትህ አልነገርኳት፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ፤ ለአንተ ነው የምነግርህ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቀውን ነገር አንዲት አሮጊት ኮሌታ ሰፊ እንዳይሆን ለመነችበት።

ሰዓቱ አልቆ ጭማሪ ገቡ። ጭማሪውም ሊያልቅ ሲል ከነሱ አንዱ ዝም ብሎ መታት፤ ኳሷ የእኛን ተከላካይ ተረከዝ ነክታ አቅጣጫዋን ቀየረችና በረኛው በሌላ በኩል ወድቆ ሳለ ገባች። አለቀ።

ጎልማሳ ወንዶች ፎጣ ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ደጅ የነበሩት አንድ በአንድ ተበተኑ። አንድም ሰው ወደ እኔ ዞሮ በእርስዎ ነው አላለም፤ ያ አዲሱ ሰውም ቢሆን። እኔ ደስ አለኝ አልልህም፣ ያ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሜዳው ላይ ቁጭ ሲል የሚሰማኝ ይመስል «አይዞህ» አልኩት። ግን ትንፋሼ ተመለሰ። ወንበሩ ወንበር ነው ልጄ። ጣውላና ብረት ነው፤ አንተ የምትበይደው ዓይነት ብረት። አይሰጥም፣ አይወስድም። ተቀምጬበት አሸነፍን፣ ከላዩ ተነስቼ አገባን፣ በዚያው ደግሞ ተሸነፍን። ዝናብ የመታው መንገድም ማን የት እንደተቀመጠ አይጠይቅም።

ነጎድጓድ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ የሚያደርገው ጠፍቶት ሲንጎራደድ ቆየና፣ መጥቶ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። «ምን ልታደርግ ነው?» አለው ነጎድጓድ። «ወንበሬ ላይ ተቀምጠህ የለ? ፀጉርህ ደግሞ የበግ ነው» አለው። ቆረጠው። እኔና አክስትህ አግዳሚው ላይ ሆነን እስኪጨርስ አየን። ከዚያ ማግስት ጀምሮ ማንም ደንበኛ ይቀመጥበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሦስተኛ ደረጃ ይጫወታሉ። አክስትህ «ለሦስተኛ ደግሞ ማን ኳስ ያያል፣ ይህማ የተረፈ ምግብ ማሞቅ ነው» ብላለች፤ ግን ቀድማኝ እንደምትገኝ አውቃለሁ። እኔ እሄዳለሁ። ፀጉር አስተካካዩ የመጣ ሁሉ የፈለገበት ይቀመጥ ብሏል። ይህን የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌር ዓርብ ባዶውን ወደዚህ ይመለሳል፣ ጋቢናው ውስጥ ሰው ቢኖር ወሬ አገኛለሁ ብሎኛል። ና አልልህም። አልጋህን ግን አንጥፌዋለሁ፣ መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ።

ጤናህን ይስጥህ። እሳት ከፊትህ፣ ብረት ከእጅህ ክፉ አያድርስብህ። እንቅልፍህን ይመልስልህ። ስትሄድም ስትመለስም መንገዱ ይቅናህ፣ በየትኛውም በኩል ብትቀመጥ።

የሁለታችሁ እናት